ፕሮፌሰር ካመርሊንግ ኦነስና ያልተፈጸመው ማግኔት

የአስተማሪ ድካም ፍሬው ዘወትር በራሱ ዘመን አይታይም። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት ሊቃውንት አንዱ ሆላንዳዊው ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ ናቸው።

ካመርሊንግ ኦነስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 21 ቀን 1853 ዓ.ም. በግሮኒንገን ከተማ ከአንድ የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ተወለዱ። በትውልድ ከተማቸውና በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማሩ በኋላ፥ በ1882 በላይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። ዓላማቸው ጋዞችን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት መለወጥና በዚያ ብርድ የነገሮችን ጠባይ በልክ መመርመር ነበር። ይህም ያለ ብልህ እጅ እንደማይሆን ስላወቁ፥ በ1901 መሣሪያ ሠሪዎችንና መስታወት ነፊዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ጁላይ 10 ቀን 1908 ከማለዳ እስከ ሌሊት ተደክሞ ሂሊየም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈሳሽ ሆነ፤ የተገኘውም ከአንድ የቡና ሲኒ አይበልጥም ነበር። በ1911 ደግሞ ባዜቃ ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ፥ የኤሌክትሪክን መተላለፍ የሚያግደው ኃይል በድንገት ጠፋበት። ልኩን የወሰደው ረዳታቸው ጊልስ ሆልስት ሲሆን፥ ጽሑፉ የወጣው በፕሮፌሰሩ ስም ብቻ ነው። ይህን እኛ አስተማሪዎች ልብ ልንለው ይገባል።

በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት፥ ተራ ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ስለሚግል፥ በቀዘቀዘ የእርሳስ ሽቦ 100,000 ጋውስ የሚደርስ ማግኔት ለመሥራት አሰቡ። ነገር ግን የማግኔቱ ኃይል ጥቂት መቶ ጋውስ እንደ ደረሰ እርሳሱ ያን ድንቅ ጠባዩን አጣ። ተስፋቸው ሳይፈጸም ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1926 ዐረፉ።

በ1961 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት የኒዮቢየምና የቆርቆሮ ውሕድ በ88,000 ጋውስ ውስጥ እንኳ ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሚሸከም አሳዩ። በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን፥ 27 ኪሎሜትር በሚዞር ዋሻ ውስጥ የአቶም ቅንጣቶችን የሚያሯሩጠው መሣሪያም በ2008 ሲጀመር፥ ቅንጣቶቹን በክቡ መንገድ የሚያጎብጡ 1,232 ማግኔቶች ነበሩት። ሽቦአቸው የኒዮቢየምና የቲታኒየም ቅይጥ ነው፤ ኃይላቸው 83,000 ጋውስ እንዲደርስ የተሠሩ ሲሆን፥ የሚያቀዘቅዛቸውም ፈሳሽ ሂሊየም ነው። ለወደፊቱ መሣሪያዎች ከ100,000 ጋውስ የሚበልጥ ማግኔት ለማግኘት ሊቃውንት በኒዮቢየምና በቆርቆሮው ውሕድ እየደከሙ ነው። ውሕዱ ተሰባሪ ስለ ሆነ፥ ጠመዝማዛውን ለመሥራት ዛሬም የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል።

ፕሮፌሰሩ የተመኙትን ማግኔት አላዩም፤ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ በላይደን ያስተምራል። እንግዲህ አስተማሪ ሆይ፥ ያልጨረስከው ሥራ እንዳይጠፋ ከፈለግህ፥ የሚጨርሱትን እጆች አሠልጥን፤ ስማቸውንም አትሸሽግ።