ስኳርን ከአንጎል ያገናኘው ሰው

ስለ ስኳር በሽታ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናነሳው ቆሽትንና ኢንሱሊንን ነው። እኔ ግን ክሎድ ቤርናር የተባለውን ፈረንሳዊ አስታውሳለሁ። ሕግ የተማርኩ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ወደ ሰውዬው የሳበኝ ለማስረጃ የነበረው ክብር ነው።

ቤርናር እ.ኤ.አ. በ1813 ቦዦሌ በተባለው የወይን አገር ተወለደ። ሊዮን ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሲሠራ ልቡ ቴአትር ላይ ነበር። የጻፈውን ድራማ ይዞ ፓሪስ ቢሄድ አንድ ታዋቂ ሐያሲ ሕክምና እንዲማር መከረው። ምክሩን ተቀብሎ በ1843 ተመረቀ፤ የታላቁ ተመራማሪ የማዠንዲም ረዳት ሆነ።

በዚያ ዘመን ስኳርን የሚሠሩት እጽዋት ብቻ እንደሆኑ፣ እንስሳትም ከምግብ እንደሚያገኙት ይታመን ነበር። ቤርናር ሥጋ ብቻ ከበሉ ውሾች ጉበት በሚወጣው ደም ውስጥ ስኳር አገኘ። ስኳሩን የሚያመርተው ጉበት ራሱ ነበር። በ1849 ደግሞ የጥንቸልን የአንጎል ግንድ በመርፌ ቢወጋ፣ ብዙም ሳይቆይ በሽንቷ ስኳር ታየ። ትእዛዙ ወደ ጉበት የሚደርሰው ቫገስ በተባለው ነርቭ እንደሆነ ገምቶ ነርቩን ቆረጠው፤ ስኳሩ ግን አልቀረም። ቤርናር ግምቱን ለማዳን አልተሟገተም። ግምቱን ጥሎ ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ትእዛዙም በሕብለ ሰረሰር በኩል እንደሚወርድ ተረዳ።

ሥራው ዋጋ አስከፍሏል። በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ ያደርግ የነበረውን ሙከራ ሚስቱ አጥብቃ ተቃወመች፤ በመጨረሻም ተለያዩ። በእኔ እምነት የግኝቱ ታላቅነት የሚስቱን ክስ ውድቅ አያደርገውም።

በ1878 ሲሞት ፈረንሳይ በመንግሥት ደረጃ ቀበረችው። ከዚያ በኋላ በ1889 ቆሽቱ የወጣ ውሻ በስኳር እንደሚታመም ታወቀ፤ በ1921 ኢንሱሊን ተገኘ። የሁሉም ዓይን ወደ ቆሽት ዞረ፤ አንጎልም ለረጅም ጊዜ ተዘነጋ። ዛሬ ግን አንጎል በነርቭና በሆርሞን አማካይነት ጉበትን፣ ቆሽትንና ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች እንደሚያዝ ይታወቃል። ጉዳዩ ይመለከተዋልና፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከጉልበቱ 20 በመቶ ያህሉን የሚፈጀው እርሱ ነው።

ይህ ለእኛ ቤት ምን ይፈይዳል? የስኳር ሕመምተኛ አባታችን ወይም እናታችን ስኳራቸው ከፍ ባለ ቁጥር ደብቀው ጣፋጭ በልተዋል ብለን እንፈርዳለን። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ሌላ ሕመምም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ አንጠይቅም። ምግብን መቆጣጠር ግዴታ ነው፤ ሕመምተኛን ያለ ማስረጃ ጥፋተኛ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከመፍረዳችን በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ብንጠይቃቸው መልካም ነው።