ሉዊ ፓስተር፤ ቀኙን ወደ ግራ የለወጠው ኬሚስት

በአዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብዙ ነዋሪዎች ዛሬም ፓስተር በሚል ስም ይጠሩታል። ስያሜው የተቋሙ ቀዳሚ መጠሪያ ከነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የቀረ ሲሆን፣ የስሙ ባለቤት ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ነው። ፓስተር በሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ስሙን በያዘው ወተትን በሙቀት ከጀርም የማጽዳት ዘዴ ይሁን እንጂ፣ ወደ ሳይንሱ ዓለም የገባው በሐኪምነት አልነበረም። ኬሚስት ነበር። የመጀመሪያ ዝናውንም ያተረፈው በወይን ጠጅ በርሜል ግርጌ ከሚረጋ ዝቃጭ በሚገኝ አንድ አሲድ ላይ ባደረገው ምርምር ነው።

ፓስተር እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ሠራዊት ውስጥ ያገለገለና የክብር ሜዳይ የተሸለመ ወታደር ሲሆን፣ ከውትድርና በኋላ ኑሮውን የመሠረተው በአገራችንም ለረጅም ዘመን ሲናቅ በኖረው በቆዳ ፋቂነት ሙያ ነው። ቤተሰቡ ኋላ ወደ አርቧ ከተማ ተዛውሯል። ልጁ በትምህርቱ ከሌሎች ጎልቶ የሚታይ አልነበረም፤ ይልቁንም የሰው መልክ በመሳል ችሎታው ይታወቅ ነበር። በ1838 ለትምህርት ወደ ፓሪስ ቢላክም የአገሩ ናፍቆት ስለበረታበት አባቱ መጥቶ መልሶ ወስዶታል። በ1842 ለታዋቂው የፓሪስ መምህራን ማሠልጠኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተፈትኖ ቢያልፍም፣ ያገኘውን ደረጃ ስላልወደደው ሳይገባ ቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተፈተነና በተሻለ ውጤት ገባ።

በዚያ ዘመን ኬሚስቶችን ግራ ያጋባ አንድ ጥያቄ ነበር። ከወይን ጠጅ ዝቃጭ የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ በውሃ ሟሙቶ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲያልፍበት የብርሃኑን አቅጣጫ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። በ1820 ገደማ ደግሞ በአልዛስ ግዛት ታን በተባለች ከተማ የሚገኝ የኬስትነር ፋብሪካ ሳያስበው ሌላ አሲድ አመረተ። ይህ ራሴሚክ የተባለ አሲድ በይዘቱ ከታርታሪክ አሲድ ጋር አንድ ሲሆን ብርሃንን ግን ወደየትም አያዞርም። ጀርመናዊው ኬሚስት ሚቸርሊክ የሁለቱን ጨዎች መርምረው ክሪስታሎቻቸው ሳይቀሩ አንድ ዓይነት መሆናቸውን በ1844 አስታወቁ። ታዲያ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ነገሮች ስለምን የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ?

ፓስተር በ1848 ይህን ጉዳይ ሲያነሳ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የራሴሚክ አሲዱን ጨው ክሪስታሎች በአጉሊ መነጽር ሲመለከት፣ በአንዳንዶቹ ላይ ያለው ትንሽ ገጽታ ወደ ቀኝ፣ በሌሎቹ ላይ ያለው ደግሞ ወደ ግራ ያዘነበለ መሆኑን አስተዋለ። ሁለቱ ዓይነቶች ልክ እንደ ቀኝና ግራ እጅ በመስታወት እንደሚታዩ ምስሎች ነበሩ። ክሪስታሎቹን አንድ በአንድ በእጁ ለቅሞ በሁለት ክምር ለየና እያንዳንዱን ለብቻው በውሃ አሟሟ። አንደኛው ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላው በዚያው ልክ ወደ ግራ አዞረው። እኩል መጠን ወስዶ ሲቀላቅላቸው መዞሩ ቀረ። ራሴሚክ አሲድ የቀኝና የግራ እኩል ድብልቅ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

እዚህ ላይ የዕድልንም ድርሻ መካድ አይቻልም። ይህ ጨው ቀኝና ግራው ተለይቶ የሚረጋው ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን ብቻ ነው። የፓስተር ቤተ ሙከራ ሞቃት ቢሆን ኖሮ ክሪስታሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ይታዩት ነበር።

የብርሃን ሊቅ የነበሩት የ74 ዓመቱ አዛውንት ዣን ባቲስት ቢዮ ግን ወሬውን በቀላሉ አላመኑም። ወጣቱን አስጠርተው፣ አሲዱን ራሳቸው ሰጥተው ሥራውን በፊታቸው እንዲደግም አደረጉ። ክሪስታሎቹ ተለይተው ሲቀርቡላቸውም አሟሙተው በራሳቸው መሣሪያ ለኩ። ብርሃኑ ወደ ግራ መዞሩን ሲያዩ እጅግ ተደስተው የፓስተርን ክንድ እንደያዙና ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ አባት እንደቆሙለት የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ይናገራሉ። በዚያው ወር በግንቦት 1848 ፓስተር እናቱን በሞት አጣ።

በ1849 በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ማሪ ሎራን የተባለችውን የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ ልጅ አገባ። ማሪ የምርምር ጽሑፎቹን እየጻፈችለትና እየገለበጠችለት ዕድሜ ልኳን አብራው ሠርታለች። ከወለዷቸው አምስት ልጆች ሦስቱ በልጅነታቸው ሞተውባቸዋል።

ቀኝና ግራን መለየት ከተቻለ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥስ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ መጣ። የፓሪስ የፋርማሲ ማኅበር ታርታሪክ አሲድን ወደ ራሴሚክ አሲድ ለሚለውጥ ሰው 1,500 ፍራንክ ሽልማት አዘጋጅቶ ነበር። ፓስተር በ1852 ይህን ብርቅ አሲድ ፍለጋ ከላይፕዚግ እስከ ቪየናና ፕራግ ድረስ ፋብሪካ ለፋብሪካ ዞረ፤ አጥጋቢ መልስ ግን አላገኘም። መልሱን ያገኘው ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ ነው። ታርታሪክ አሲድ ብቻውን በብርቱ ሲሞቅ ይበላሻል። ፓስተር ግን አሲዱን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ከሚገኘው ሲንኮኒን ጋር አዋሕዶ በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለበርካታ ሰዓታት አሞቀው። በ1853 ሰኔ ወር መባቻ ላይ ውጤቱን ለቢዮ አስታወቀ። የቀኙ አሲድ ከፊሉ ወደ ራሴሚክ ተለውጦ ተገኘ። ያንንም በተራው ሲለየው ከግማሹ የግራው አሲድ ወጣለት። ከዚህም ሌላ ብርሃን የማያዞር፣ ወደ ቀኝና ግራም የማይለይ አንድ ሌላ አሲድ አብሮ አግኝቷል።

ፓስተር ይህ ለምን እንደሆነ በወቅቱ ሊያስረዳ የሚችልበት ዕውቀት አልነበረም። ሆላንዳዊው ቫንት ሆፍና ፈረንሳዊው ለ ቤል በ1874 በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ አንድ የካርቦን አቶም አራት የተለያዩ ነገሮችን በአራት ማዕዘን አቅጣጫ ይዞ ሲቆም ቀኝም ግራም ሊሆን ይችላል። ሞለኪውሉን በማገላበጥ ብቻ ቀኙን ግራ ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ማሰሪያ ተፈትቶ እንደገና መታሰር አለበት። በታርታሪክ አሲድ ውስጥ በሙቀቱ ኃይል የሚፈታው በካርቦኑ ላይ ያለው ሃይድሮጂን ነው። ሃይድሮጂኑ ሲለቅ ካርቦኑ ለቅጽበት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ተመልሶ ሲያያዝም ከላይም ከታችም ሊገባ ይችላል። አሲዱ እንዲህ ያሉ ሁለት ካርቦኖች ስላሉት ሁለቱም ሲገለበጡ ግራው፣ አንዱ ብቻ ሲገለበጥ ያ ሌላው አሲድ ይገኛል። ቀኝና ግራው በኃይል መጠን እኩል ስለሆኑ ለውጡ በሁለቱም አቅጣጫ ሲመላለስ ቆይቶ እኩል ለእኩል ላይ ይረጋል። በ1896 ደግሞ የሪጋው ኬሚስት ፓውል ቫልደን፣ ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ በአንድ እርምጃ ከግራ ወደ ቀኝ የሚዞሩ ሞለኪውሎች መኖራቸውን አሳየ።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጉጉት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ የቀረበው ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ነፍሰ ጡር እናቶች ሲወስዱት ከ10,000 የማያንሱ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ምክንያት መሆኑ ይገመታል። መድኃኒቱ በ1961 ከገበያ ወጥቷል። ጉዳት የሚያደርሰው አንደኛው ገጹ ነው በሚል ሌላውን ለይቶ መስጠት ይበቃ ነበር የሚሉ ወገኖች አሉ። ይሁንና ሁለቱ ገጾች በሰው አካል ውስጥ በሰዓታት ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ስለሚለወጡ መለየቱ ብቻ ሕፃናቱን ባላዳነ ነበር። በአሜሪካ መድኃኒቱ ፈቃድ ያላገኘው ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለሙያ የቀረበው ማስረጃ አልበቃኝም ብላ ማመልከቻውን ደጋግማ በመመለሷ ነው።

ፓስተር ከሽልማቱ ገንዘብ ግማሽ ያህሉን መንግሥት ሊገዛለት ላልቻለው የቤተ ሙከራ መሣሪያ አዋለው። ግኝቱ ሲያደፋፍረው ከዚህ የራቀ ሕልም ያዘ። ሕይወት ያላቸው ነገሮች ብቻ አንዱን እጅ መርጠው የሚሠሩት በተፈጥሮ ውስጥ ያለ አንድ ኃይል ስለሚያዘነብላቸው ነው ብሎ በማመን ትላልቅ ማግኔቶች አሠርቶ ሞከረ፤ ዕፅዋት የፀሐይዋን አቅጣጫ ተገልብጦ እንዲያገኙ የሚያደርግ መሣሪያም አዘጋጀ። ምንም አላገኘም። በዓለም ላይ ያለው ሕይወት በፕሮቲኖቹ ውስጥ ግራውን አሚኖ አሲድ ለምን እንደመረጠ እስካሁንም ሳይንስ የተስማማበት መልስ የለም።

ከኬሚስትሪ ወደ ጀርሞች ጥናት ያሸጋገረውም ይኸው የግራና ቀኝ ጉዳይ ነው። በ1854 ወደ ሊል ተዛውሮ የመብላላትን ምንነት ማጥናት ጀመረ። ራሴሚክ አሲድ ላይ የበቀለ ሻጋታ ቀኙን በልቶ ግራውን እንደሚተው ሲያይ፣ ደቂቅ ሕያዋንም እጅ እንደሚለዩ ተረዳ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኝ ነው፤ የወይን ጠጅን በማሞቅ ከብልሽት መከላከል፣ የሐር ትል በሽታ፣ በ1881 የአባሰንጋ ክትባት፣ በ1885 የ9 ዓመቱ ዦዜፍ ማይስተር ከእብድ ውሻ በሽታ መዳን። በ1868 በደረሰበት የአንጎል ሕመም ግራ ጎኑ ሽባ ቢሆንም ሥራውን አላቋረጠም። የግል ማስታወሻዎቹ በ1970ዎቹ ለተመራማሪዎች ክፍት ከሆኑ ወዲህ ግን፣ የአባሰንጋውን ክትባት ያዘጋጀበትን ትክክለኛ ዘዴ ለሕዝብ በግልጽ አለመናገሩ ታውቆ ተተችቶበታል። ትችቱ ተገቢ ነው።

ፓስተር እ.ኤ.አ መስከረም 28 ቀን 1895 አረፈ። ሥርዓተ ቀብሩ በመንግሥት ደረጃ በኖትረ ዳም ካቴድራል ከተፈጸመ በኋላ፣ አስከሬኑ በ1896 በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ምድር ቤት ወደተሠራለት መቃብር ተዛውሯል። በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የሕይወት ዘመን ሥራዎቹ ከነዓመታቸው ተቀርጸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው በመጨረሻ የተጻፈ ሲሆን፣ ከሁሉ ቀድሞ የሰፈረው 1848 ከሚለው ዓመት ጋር የሞለኪውሎች ግራና ቀኝነት ነው።