ትራፍል ፍለጋ ተልኮ ሞግዚት ያገኘው ሰው

የታዘዘውን ሥራ ሳያሳካ ቀርቶ ስሙ ከመቶ ዓመት በኋላም የሚነሳ ሰው ብዙ አላውቅም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ አንዱ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፍራንክ በ1839 በድሬስደን ተወለደ። በላይፕዚግ ተምሮ እዚያው አስተማረ፤ በ1881 ወደ በርሊን የእርሻ ኮሌጅ ተዛወረ። የፕሩሺያ የእርሻ ሚኒስቴር ትራፍል የሚባለውን፣ ዛፍ ሥር አፈር ውስጥ የሚበቅል እጅግ ውድ እንጉዳይ፣ በአገር ውስጥ የሚለማበትን መላ እንዲፈልግ አዘዘው። ትራፍሉ አልለማም። ሰውየው ግን ሥር ሲቆፍር አንድ ነገር አስተዋለ፤ የዛፎቹ የሥር ጫፎች በፈንገስ ክር ተጀቡነዋል፣ ዛፎቹ ደግሞ ጤነኞች ናቸው። በ1885 ፈንገስና ሥር የሚሉትን የግሪክ ቃላት አጣምሮ ነገሩን ማይኮራይዛ አለው። ፈንገሱ በሽታ ሳይሆን ሞግዚት ነው፣ ውሃና ምግብ ከአፈር እያመጣ ዛፉን ያሳድጋል ብሎም ተከራከረ።

ማን ይመነው? በዚያ ዘመን ፈንገስ ማለት ድንች የሚያበሰብስ፣ ስንዴ በዋግ የሚመታ ጠላት ነው። ሲሞግቱት ኖሩ። በ1890ዎቹ የፓይን ችግኞችን ከፊሉን በደን አፈር፣ ከፊሉን ፈንገሱ በሙቀት በተገደለበት አፈር ተከለ። የመነመኑት የኋለኞቹ ሆኑ። በ1900 በርሊን ውስጥ ሲሞት ክርክሩ ገና አልተቋጨም ነበር።

እኔን ወደዚህ ሰው የመራኝ ስለ ድርቅ ማንበቤ ነው። ፍራንክ በዋናነት ያጠናው የደን ዛፍ ነው፤ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ስንዴና ጤፋችን ደግሞ ከሥራቸው ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ሌላ ዓይነት ፈንገስ አላቸው። ክሩ ከሥር ፀጉር ስለሚቀጥን፣ ሥር የማይደርስበት የአፈር ቀዳዳ ገብቶ ውሃና ፎስፈረስ ያመጣል፤ የአፈሩን ቅንጣትም ያያይዛል። ደመወዙ ተክሉ የሚሠራው ስኳርና ቅባት ነው። ዝናብ ለጥቂት ሳምንታት ሲቋረጥ ሽርክናው ሰብሉን ሊያቆየው ይችላል። ተአምር ግን አይደለም፤ አፈሩ ጨርሶ ከደረቀ ክሩም የሚያመጣው የለም። ጎመን ደግሞ ከነዘመዶቹ እንዲህ ዓይነት ሸሪክ የለውም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ደጋግሞ ማረስ ክሩን ይበጣጥሰዋል፣ የጤፍ መሬት ደግሞ ሳይደጋገም አይታረስም።

ያ የ1885 ጽሑፍ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በሳይንስ መጽሔት የታተመው በ2005 ነው፤ ከ120 ዓመት በኋላ።