አልበርት ሴንት ጆርጂ፦ ምንነቱን ያላወቀውን ነገር ያገኘ ተመራማሪ

በዚህ እትም ከሞተ አርባ ዓመት ገደማ የሆነውን አንድ ሀንጋሪያዊ ተመራማሪ እናስተዋውቃችኋለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ጉዳዩ ጥቂት እንበል። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ኦክሲዴሽን ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ዝገት ነው። ብረት ሲዝግ ኤሌክትሮኖቹን ለኦክስጅን ይሰጣል። በሞተር ውስጥ ቤንዚን ሲነድም የሚሆነው ይኸው ነው። በሰውነታችን ያለው ሕዋስም ምሳ የበላነውን እንጀራ በዚሁ መንገድ ያቃጥለዋል፤ ልዩነቱ እሳቱ ዝግ ያለ፣ ኤሌክትሮኖቹም ደረጃ በደረጃ የሚወርዱ መሆናቸው ነው። በዚህ ጉዞ ጥቂት ኤሌክትሮኖች ያመልጣሉ። ያመለጠ ኤሌክትሮን የያዘ ኦክስጅን ፍሪ ራዲካል ወደሚባል ቁጡ ነገር ይለወጥና የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑንና ዲኤንኤውን ይጎዳል። ጥቃቱ ከሕዋሱ መከላከያ ሲበልጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። ከመከላከያዎቹ አንዱ ቫይታሚን ሲ ነው፤ የራሱን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ፍሪ ራዲካሉን ያበርደዋል። ይህን ንጥረ ነገር ለይቶ ካወጡት ሰዎች ዋነኛው አልበርት ሴንት ጆርጂ ነው።

አልበርት በ1893 ቡዳፔስት ውስጥ ተወለደ። አጎቱ ታዋቂ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ነበር፤ ልጁ ግን ለሳይንስ የሚሆን ጭንቅላት ያለው አይመስለውም ነበር። አልበርት ሕክምና መማር ጀመረ፤ ወዲያው አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ወደ ግንባር ተላከ። ለጀግንነቱ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ነገር ግን የሚያየው እልቂት ትርጉም አጣበት። በ1916 የገዛ ክንዱን በጥይት መታና ቆስሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም ትምህርቱን ጨረሰ።

ከጦርነቱ በኋላ ሀንጋሪ ተቆራርሳ፣ ገንዘቧም ረክሶ ነበር። አልበርት ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ሥራ ፍለጋ ከአገር አገር ዞረ። በሆላንድ ግሮኒንገን ሳለ አንድ ሕፃን ልጅ ሁሉ የሚያየውን ነገር መመርመር ጀመረ። ተቆርጦ የተቀመጠ ሙዝ ወይም ፖም ይጠቁራል፤ ሎሚና ብርቱካን ግን አይጠቁሩም። ለምን?

አንድ ሙከራ አደረገ። ከተክል የወጣ ኢንዛይም፣ ፔሮክሳይድና ቀለም የሚያሳይ ኬሚካል ሲቀላቀሉ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናሉ። የሎሚ ወገን ፍሬ ጭማቂ ሲጨምርበት ግን ቀለሙ የሚመጣው አንድ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። ብዙዎቻችን ብንሆን ይህችን አንድ ሰከንድ ከቁም ነገር ባልቆጠርናት ነበር። እሱ ግን ጭማቂው ውስጥ ኦክሲዴሽንን የሚያዘገይ፣ ኤሌክትሮን የሚሰጥ አንድ ነገር አለ ብሎ ደመደመ። ያንኑ ነገር ከኩላሊት በላይ በምትገኘው አድሬናል ዕጢ ውስጥም አገኘው።

በዚህ መሃል የሚደግፈው ፕሮፌሰር ሞተ፤ ተተኪውም ለሥራው ደንታ አልነበረውም። አልበርት ቤተሰቡን ወደ ቡዳፔስት መልሶ፣ ለስንብት ያህል በ1926 ስቶክሆልም ላይ ወደተካሄደ ጉባኤ ሄደ። በመክፈቻው ንግግር ላይ የካምብሪጁ ታላቅ ሳይንቲስት ሆፕኪንስ ሥራውን በስም ጠቅሶ ሲያነሳው ሰማ። ቀርቦ ራሱን አስተዋወቀ፤ ሆፕኪንስም ወደ ካምብሪጅ ጋበዘው።

ካምብሪጅ ውስጥ ንጥረ ነገሩን በክሪስታል መልክ አወጣው። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። የስኳር ዘመድ መሆኑን ብቻ ተረድቷል። ስለዚህ በ1928 ለሚታተመው ጽሑፉ አለማወቅን ከሚያመለክት ቃል ላይ የስኳሮችን መጨረሻ ቀጥሎ ኢግኖስ ብሎ ሰየመው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ቀልድ አንቀበልም አለ። ሁለተኛ ስም ላከ፤ ይህኛው ደግሞ በእኛ አነጋገር አላህ ይወቀው እንደማለት ነበር። እሱም ተመለሰ። በመጨረሻ ሄክሱሮኒክ አሲድ በሚል ስም ታተመ። እኛ በመድረሳ ዑስታዞቻችን ትልቅ መልስ ከሰጡ በኋላ እንኳ ወላሁ አዕለም ብለው ሲዘጉ እየሰማን አድገናልና፣ ይህ ቀልድ ለእኛ ቀልድ ብቻ አይደለም።

ንጥረ ነገሩን በብዛት ማግኘት ከባድ ነበር። አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ፣ ከቄራዎች በሚመጣ አድሬናል ዕጢ ላይ ወራት ሠርቶ ያገኘው 25 ግራም ያህል ነው። ግማሹን የኬሚካል አወቃቀሩን እንዲያጠና እንግሊዝ ላለው ለሃዎርዝ ሰጠ። አልበቃም።

ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ በሴገድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1931 ስቪርቤሊ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ወጣት ኬሚስት ተቀላቀለው። ስቪርቤሊ ቫይታሚን ሲን በጊኒ ፒግ መፈተሽ ያውቅበታል። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ይህን ቫይታሚን በሰውነቱ መሥራት ስለማይችል ካላገኘው በስከርቪ ይሞታል፤ ስከርቪ ድድን የሚያደማ፣ ቁስል እንዳይድን የሚያደርግና ለዘመናት መርከበኞችን የፈጀ በሽታ ነው። የተቀቀለ መኖ ብቻ የበሉት ሞቱ፤ በየቀኑ 1 ሚሊግራም ሄክሱሮኒክ አሲድ የተጨመረላቸው ግን ጤነኛ ሆኑ። ስም የጠፋለት ነገር ቫይታሚን ሲ ሆኖ ተገኘ። በ1932 የአሜሪካው ቻርልስ ኪንግም ተመሳሳይ ግኝት በሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ አሳተመ፤ የማን ነው የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ቆይቷል።

አሁን የጎደለው ብዛቱ ነው። ሴገድ የሀንጋሪ የበርበሬ አገር ናት። ራሱ እንደተረከው አንድ ምሽት ሚስቱ ለራት እሸት ቀይ በርበሬ አቀረበችለት። መብላት አላሰኘውም፤ አልበላም ማለትም ከበደው። ይልቅ ይህን ተክል መርምሬው አላውቅም ብሎ ወደ ላብራቶሪ ይዞት ሄደ። እኩለ ሌሊት ገደማ በርበሬው በቫይታሚን ሲ የተሞላ መሆኑን አወቀ። በጥቂት ሳምንታት 1 ኪሎ ተኩል ያህል ንጹሕ ክሪስታል ተመረተ። እሱም አልደበቀውም፤ ሊያጠኑት ለፈለጉ ተመራማሪዎች በየአገሩ ላከላቸው። ሃዎርዝ አወቃቀሩን ፈታ፤ ስሙም ስከርቪን የሚከላከል ለማለት አስኮርቢክ አሲድ ሆነ።

በ1937 ሴንት ጆርጂ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ሽልማቱ ለቫይታሚኑ ብቻ አልነበረም። ሕዋስ ምግብን ሲያቃጥል ፉማሪክ አሲድና መሰሎቹ የሚጫወቱትን ሚናም ስላሳየ ነው። ክሬብስ የገለጸውና ዛሬ በባዮኬሚስትሪ ክፍል የምንሸመድደው ዑደት ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ዝም ብሎ ላብራቶሪው ውስጥ መቀመጥ ይችል ነበር። አልተቀመጠም። አይሁዳውያን ወዳጆቹ እንዲያመልጡ ረዳ። በ1943 ሳይንሳዊ ንግግር ለማድረግ በሚል ሽፋን ኢስታንቡል ሄዶ፣ ሀንጋሪን ከናዚዎች ለመለየት ከእንግሊዞች ጋር በምስጢር ተነጋገረ። ምስጢሩ ወጣ፤ ሂትለርም እንዲያዝ አዘዘ። እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ተደብቆ ኖረ፤ የስዊድን ኤምባሲም ከለላ ሰጠው። በ1947 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ዉድስ ሆል በምትባል የባሕር ዳር መንደርም ሥራውን ቀጠለ። ሚስቱንና ልጁን ካንሰር ነጠቀው። የቀረውን ዘመኑን በካንሰር፣ በኤሌክትሮንና በፍሪ ራዲካል ጥናት ላይ አዋለ። ይህኛው ጥያቄ አልተፈታለትም። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚለው ስያሜ በ1985 በሳይንሱ ዓለም ሲስፋፋ አልበርት በሕይወት ነበር፤ በጥቅምት 1986 በ93 ዓመቱ ሞተ።

ከግኝቱ ጋር ተያይዞ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። አንቲኦክሲዳንት ጥሩ ከሆነ ብዙ እንክብል መዋጥ የበለጠ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በ1994 ፊንላንድ ውስጥ ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት ቤታ ካሮቲን የተሰጣቸው አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኝቷል። ለአብዛኞቻችን ከምግብ ጋር የምትበላ እሸት ቃሪያና አንድ ብርቱካን ይበቁናል፤ ደርቆ የተፈጨ በርበሬ ግን አብዛኛውን ቫይታሚን ሲ አጥቷል።

ሌላው ነገር እኛን ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። በላብራቶሪ ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲል፣ ከባለፈው ዓመት ሪፖርት ቁጥር ማምጣት ቀላል ነው። ይህ ግን ውሸት ነው፤ ምናልባትም እንደዚያች አንድ ሰከንድ ያለ ነገር አብረን እንጥላለን። ያየነውን እንጻፍ፤ ምክንያቱን ካላወቅን አላወቅንም እንበል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ሄደን እንጠይቅ።