ዲግሪውን አልቀበልም ያሉት ፕሮፌሰር



ባለፈው ዓመት ልጄ 11ኛ ክፍል ስትገባ ሳይኮሎጂ የሚባል ትምህርት መረጠች። እኔ ሀገር ቤት ስማር በሁለተኛ ደረጃ እንዲህ ያለ ትምህርት አልነበረንም። ስለዚህ ማታ ማታ እሷ ስታጠና ከሥራ መልስ ሻዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጥና መጽሐፏን አገላብጥ ነበር። ስለ ትውስታ፣ ስለ ሕልም፣ ሰው እንዴት እንደሚማር፣ ማንነት ምን እንደሆነ ይናገራል። የተጠቀሱት ሊቃውንት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ከመካከላቸው ስለ አንዲት ሴት ሁለት መስመር ብቻ አገኘሁ። የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት እንደነበሩና ሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ እንደከለከላቸው ይናገራል፤ በቃ፣ ሌላ የለም። ልጄ ፈተና ላይ አይመጣም ብላ ገጹን ገለጠችው። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ለምን ተከለከሉ? ከዚያስ ምን አደረጉ? ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በ1863 በኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናቸው። አባታቸው ዎልኮት ካልኪንስ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ በቦስተን አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ ኒውተን ተዛወረ፤ ወይዘሪት ካልኪንስም እስከ መጨረሻው ድረስ ቤታቸው እዚያው ነበር። በ1882 ስሚዝ የሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። በዓመቱ ታናሽ እህታቸው ሞተች። ትምህርታቸውን አቋርጠው አንድ ዓመት ቤት ውስጥ በግላቸው ሲያጠኑ ቆዩ፤ ከዚያ ተመልሰው በ1885 ተመረቁ።

ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አውሮፓ ተጉዘው ሲመለሱ በ1887 ዌልስሊ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ የግሪክ ቋንቋ መምህር ሆነው ተቀጠሩ። የሠሩበትም ኮሌጅ ይኸው አንዱ ነው። ሳይኮሎጂ ያን ጊዜ ገና ከፍልስፍና እየተላቀቀ በቤተ ሙከራ መጠናት የጀመረ አዲስ ሳይንስ ነበርና ዌልስሊ የሚያስተምርለት ሰው ፈለገ። የግሪክ ቋንቋ መምህሯ ጎበዝ ስለነበሩ ለእሳቸው ተሰጠ፤ ሆኖም በመጀመሪያ አንድ ዓመት ትምህርቱን እንዲማሩ ነበር ስምምነቱ። ችግሩ የት? ሴት ተቀብሎ ይህን ትምህርት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አልነበረም።

ሃርቫርድ ለኒውተን ቅርብ ነው። በጊዜው በአሜሪካ ስመ ጥር የነበሩት የሥነ ልቦና መምህር ዊልያም ጄምስ እዚያ ያስተምሩ ነበር፤ ፈላስፋው ጆሳያ ሮይስም እንዲሁ። ሁለቱም ወይዘሪት ካልኪንስን ለማስተማር ፈቃደኞች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት ግን ሴትና ወንድ አንድ ክፍል ውስጥ መማራቸውን አልወደዱትም። አባት አቤቱታ ጻፉ፤ የዌልስሊ ፕሬዚዳንትም ደብዳቤ ላኩ። በጥቅምት 1890 ፈቃዱ ተገኘ። ግን እንዴት ያለ ፈቃድ! ክፍል ገብተው መስማት ይችላሉ፤ የሃርቫርድ ተማሪ ሆነው ግን አይመዘገቡም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ሳነበው አስቆኛል። ፕሮፌሰር ጄምስ በሚሰጡት ትምህርት ላይ ተመዝግበው የነበሩት ወንዶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ በአንድ ቀሩ። በመጨረሻ የቀሩት ያልተመዘገቡት ሴት ብቻ ሆኑ። መምህርና ተማሪ በእሳት ምድጃ ግራና ቀኝ ቁጭ ብለው፣ ጄምስ በዚያው ዓመት ያሳተሙትን ባለ ሁለት ቅጽ የሥነ ልቦና መጽሐፍ እያነበቡ ይወያዩ ነበር። በዚህ ዓይነት መንገድ የተማረ ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚያው ጊዜ ዉስተር ከተማ ካለው ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ከመጡ ኤድመንድ ሳንፎርድ ከሚባሉ መምህር የቤተ ሙከራ ሥራ ተማሩ። ሁለቱ አብረው ሕልምን አጠኑ። ማታ ከአልጋቸው አጠገብ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሻማና ክብሪት ያስቀምጣሉ፤ ሰዓቱን በተለያየ ሰዓት እንዲደውል ይሞሉትና ሲቀሰቅሳቸው ያዩትን ሕልም ሳይጠፋባቸው ይጽፋሉ። ለብዙ ሳምንታት እንዲህ አድርገው 375 ሕልም መዘገቡ። ያገኙትም ሕልም በአብዛኛው ሰው በቅርቡ ያያቸውን ሰዎች፣ ቦታዎችና ነገሮች መልሶ የሚያመጣ መሆኑን ነው። እኛ ሕልም ካየን ፍቺ ፍለጋ ጎረቤት እንሄዳለን፤ እሳቸው ግን ቆጠሩት። ጥናቱን ከዓመታት በኋላ ሲግመንድ ፍሮይድ ሕልምን በተመለከተው መጽሐፋቸው ጠቅሰውታል።

በ1891 ወደ ዌልስሊ ተመልሰው በኮሌጁ ትልቅ ሕንፃ ጣሪያ ሥር የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ከፈቱ። የተመደበላቸው ገንዘብ 200 ዶላር ነበር። በአሜሪካ በሴት የተቋቋመ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ይህ ነው። ገንዘቡ ስላነሰ መሣሪያው ቀላል ነበር፤ የሚሠሩበት ተማሪዎቻቸውም ራሳቸው ነበሩ።

አሁን ወደ ካርዶቹ ልምጣ፤ ለኛ በጣም የሚቀርበው ይሄ ነውና።

ወይዘሪት ካልኪንስ ከ1893 እስከ 1895 ከጀርመን የመጡት ፕሮፌሰር ሁጎ ሙንስተርበርግ በሚመሩት የሃርቫርድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠሩ፤ አሁንም እንደ እንግዳ። የያዙት ጥያቄ አንድ ነገር ሲታየን ሌላው ለምን ትዝ ይለናል የሚል ነው። ለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ለሰዎች ቀለም ያሳያሉ፤ አብሮት አንድ ቁጥር ያሳያሉ። ቀዩ ከዚህ ቁጥር፣ አረንጓዴው ከዚያኛው እያሉ ጥንድ ጥንዱን ያልፋሉ። ከዚያ ቀለሙን ብቻ ያሳዩና ቁጥሩን ይጠይቃሉ። በመካከሉ እየለዋወጡ ሞከሩት። አንዱን ጥንድ ደጋግመው አሳዩ፤ ሌላውን ቁጥር ጎልቶ እንዲታይ አደረጉት፤ ሌላውን መጀመሪያ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። መጨረሻ የታየው ይታወሳል፤ ጎልቶ የታየውም ይታወሳል። ሁሉም ይረዳል። ከሁሉ የበለጠ ግን መደጋገም ሆኖ ተገኘ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለዜግነት ፈተና የምናጠናበትን ካርድ አስታወሳችሁ? በአንድ በኩል ጥያቄው፣ በጀርባው መልሱ። ልጄም ለሳይኮሎጂ ፈተናዋ የምታጠናው በዚያው ነው። ወይዘሪት ካልኪንስ ካርዱን እራሱን ፈጠሩት ማለቴ አይደለም፤ ጥንድ ነገር አሳይቶ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የመጠየቁን ዘዴ ለጥናት ያዋሉት ግን እሳቸው ናቸው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሙለር ደግሞ ከዚያ በኋላ አሻሽለው ተጠቀሙበት፤ እስከ ዛሬም ትውስታን የሚያጠኑ ሰዎች ይሠሩበታል። አንዲት እህታችን መልሱን በሦስት ዓይነት ደማቅ ቀለም ታሰምርና አንዴ አይታ ታስቀምጠዋለች። ትቀየመኝ ይሆናል እንጂ፣ ቀለሙ ጥሩ ነው፤ መደጋገሙ ይብሳል።

ሙንስተርበርግ በ1894 ለዩኒቨርሲቲው ጻፉ። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ የበረቱት እኚህ ሴት ናቸውና ለዶክትሬት ይወዳደሩ ብለው ጠየቁ። መልሱ አይሆንም ነበር። ያም ሆኖ በ1895 ወይዘሪት ካልኪንስ ስለ ማዛመድና ስለ ትውስታ የጻፉትን የምርምር ጽሑፍ አቀረቡ፤ ጄምስ፣ ሮይስና ሙንስተርበርግ ያሉበት ጉባኤ ልክ እንደ ማንኛውም ዕጩ ፈተናቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ለዶክትሬት የሚጠየቀውን ሁሉ አሟልተዋል ብለው ለዩኒቨርሲቲው አስታወቁ። ጄምስ በሃርቫርድ እንዲህ ያለ ድንቅ ፈተና አላየሁም ብለው ለሌላ ሰው ጽፈዋል። ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤውን ተቀበለ፤ ዲግሪውን ግን አልሰጠም። ሴት ናቸው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቁጭ አልኩ። ከሀገር ቤት ይዤው የመጣሁት ዲፕሎማ እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ቀርቦ እንደ ባዶ ወረቀት የተመለሰበት ቀን ትዝ አለኝ። በመካከላችን ይህ ያልደረሰበት ጥቂት ነው። የኔ ግን ከእሳቸው ጋር አይወዳደርም፤ እኔን የመለሰኝ ሥራዬን አይቶ አያውቅም፤ እሳቸውን የመለሷቸው ሥራቸውን ያዩ ናቸው።

ወይዘሪት ካልኪንስ ወደ ዌልስሊ ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ሰሞን ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆሴፍ ጃስትሮው ወንዶችና ሴቶች ቃላት እንዲጽፉ አድርገው፣ የሴት አእምሮ በቅርብና በጌጥ ነገር ላይ ያተኩራል፣ የወንድ ደግሞ በረቂቅና በጠቃሚ ነገር የሚል መደምደሚያ አወጡ። በዌልስሊ ቤተ ሙከራ ያው ሙከራ ተደገመና ውጤቱ ሌላ ሆነ። ወይዘሪት ካልኪንስ በጽሑፍ የመለሱት ክርክር ግን ከቁጥሩ ይበልጥ ይጠልቃል። ወንድና ሴት ልጅ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሚያድጉበት ሁኔታ የተለያየ ነው፤ ይህ ልዩነት ሳይወገድ በተፈጥሮ አእምሯቸው ይለያያል ማለት አይቻልም አሉ። ሴት ልጅን ማጀት አስቀምጦ ያደገችበትን ማጀት ብቻ ታውቃለች ብሎ መክሰስ ማለት ነው እኮ።

በ1902 አዲስ ነገር መጣ። ራድክሊፍ ከሃርቫርድ ጎን የተቋቋመ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። በሃርቫርድ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ለጨረሱ አራት ሴቶች የራድክሊፍን ዲግሪ እንስጣችሁ ተባለ። ሦስቱ ተቀበሉ። ሙንስተርበርግም ወይዘሪት ካልኪንስን ይቀበሉ ብለው መከሩ። እሳቸው ግን አልተቀበሉም። የተማሩት፣ የመረመሩት፣ የተፈተኑትም ሃርቫርድ ነው፤ ራድክሊፍ አልተማሩም። የሌላውን ወረቀት መቀበል ሃርቫርድ ለሴት ዲግሪ አልሰጥም ማለቱን ትክክል ነው ብሎ መፈረም መሰላቸው። ራድክሊፍን ሳይንቁ፣ በትሕትና ጽፈው መለሱት።

በዚህ ላይ ከልጄ ጋር ተከራክረናል። እሷ ትክክል ሠሩ ትላለች። እኔ እንደዚያ በቶሎ አልልም። የተቀበሉትን ሦስቱን አልወቅስም፤ እንጀራ ፍለጋ ላይ ያለ ሰው የተሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ወይዘሪት ካልኪንስ ቋሚ ሥራ ነበራቸው፣ ቤተሰብ ከኋላቸው ነበር፤ እምቢ ለማለትም አቅም ያስፈልጋል። ቢሆንም ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። የሃርቫርድን ዶክትሬት ሳያገኙ ዕድሜ ልካቸውን ኖሩ።

በ1903 የሥነ ልቦና ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ደረጃ ሲያወጡ ከ50ዎቹ መካከል 12ኛ ሆኑ። በ1905 የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ተደረጉ። በ1918 ደግሞ የአሜሪካ ፍልስፍና ማኅበርን እንዲሁ በመጀመሪያ ሴትነት መሩ። ኮሎምቢያና ስሚዝ የክብር ዲግሪ ሰጧቸው። ኒው ዮርክ ከፍ ያለ ሥራ ቢቀርብላቸውም ወላጆቻቸውን ጥዬ አልሄድም ብለው ኒውተን ቀሩ። አላገቡም፤ አባትና እናታቸውን ጧሪ እሳቸው ነበሩ። ይህን የሚያደንቅም የሚያዝንም ይኖራል፤ እኔ ሁለቱም ተሰማኝ።

በኋለኛው ዘመናቸው አጥብቀው የያዙት ሐሳብ ስለ እኔነት ነው። ሥነ ልቦና ስሜትን፣ ትውስታን፣ ሐሳብን ለየብቻ ቆራርጦ ሲያጠና የሚያስታውሰውንና የሚሰማውን ሰው ረሳ ይሉ ነበር። ትዝታ ብቻውን አይንሳፈፍም፤ የአንድ ሰው ትዝታ ነው። ያ ሰውም ከሌሎች ጋር የሚኖር፣ እየተለወጠ ያው ሆኖ የሚዘልቅ ነው። ዘመኑ ግን ወደ ሌላ እያዘነበለ ነበር። በ1913 ጆን ዋትሰን ሳይንስ የሚታይ ድርጊትን ብቻ ይመርምር ብለው ተነሡ፤ ብዙዎች ተከተሏቸው። ወይዘሪት ካልኪንስ ግን በጉባኤም በመጽሔትም ሳይሰለቹ ይከራከሩ ነበር።

በ1927 ሃርቫርድ የተማሩ ስመ ጥር የሥነ ልቦና ሊቃውንት ተሰባስበው ዲግሪው እንዲሰጣቸው ለዩኒቨርሲቲው አመለከቱ። ዩኒቨርሲቲው በቂ ምክንያት አላየሁም ብሎ መለሰ። በ1929 ከ42 ዓመት በኋላ ከዌልስሊ ጡረታ ወጡ፤ በየካቲት 1930 በካንሰር ኒውተን አረፉ። ሃርቫርድ ለራድክሊፍ ሴቶች በራሱ ስም ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1963 ነው፤ እሳቸው በተወለዱ በ100 ዓመት።