ሐዲስ ዓለማየሁ፦ ከእንዶዳም የወጡት የቄስ ልጅ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። በብዙ ሙስሊም ቤቶችም እንዲሁ ነው። መጽሐፉን እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ሰምተን ስለምናልፈው፣ ዛሬ ደራሲውን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ልናነሳቸው ወደድን።

በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ነበሩ። እሳቸውም በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተምረው ኋላ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ገቡ። ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘመቱ፤ ተማርከውም በጣሊያን ደሴቶች፣ በፖንዛና በሊፓሪ፣ ዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ቤትም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሹመታቸው ብዙ ነው። እኛን የሚገርመን ግን በዚያ ሹመት ላይ እያሉ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው።

በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ እንዲተርፍላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው። ስለቱን የገቡት እነሱ፣ ዕዳውን የሚከፍለው እሱ። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ አባቷ በዘር የሚመጥናት ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ሁለቱንም ያጠፏቸው ጠላቶች አይደሉም፤ የሚወዷቸው ወላጆች ናቸው። ይህን ሁሉ አይቶ የሚናገረውን ካሳን አገሬው «ጉዱ» ብሎ ስም አወጣለት።

እኛስ? ዲኑና አኽላቁ ያማረ ወጣት ለኒካሕ ሲመጣ የማን ዘር ነው ብለን የመለስንበት ቤት የለም? አባቱ ሸማኔ ነው፣ ቀጥቃጭ ነው ተብሎ የቀረ ጋብቻ በየመንደሩ ይሰማል። ነቢዩ ﷺ ባሪያ የነበረውን ዘይድን በእናቷ የቁረይሽ ልጅ ከሆነችው ከዘይነብ ጋር እንዳጋቡት እያወቅን ነው ይህን የምናደርገው።

ሐዲስ በዚያው መጽሐፍ ገበሬውን በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ ያስነሱታል። የመሬቱ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በደጋው አገር የኖሩ ሙስሊም አያቶቻችን ነጋዴና ሸማኔ ሆነው የቀሩት ሙያው ስለጣማቸው ብቻ አልነበረም፤ ርስት ስለተነፈጉም ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጣ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። በዚያው በ1966 ሐዲስ ለኢትዮጵያ የሚበጃትን አስተዳደር የሚመረምር መጽሐፍ አሳተሙ። የመሬት አዋጁ በየካቲት 1967 ታወጀ።

ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ቢጠይቃቸው እምቢ እንዳሉ ይነገራል። ወንበሩን ትተው ወደ ብዕራቸው ተመለሱ፤ «የልም እዣት»ንና የጦርነትና የእስር ዘመናቸውን የተረኩበትን «ትዝታ»ን ሰጡን። በ1996 ዓ.ም. ዘጠና ዓመት አልፏቸው አረፉ። ሬዲዮው ግን እስካሁን በዛብህንና ሰብለን ያወራል፤ በየቤቱም ትረካው ሲጀመር ሰው ዝም በሉ ይባባላል።