ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልና ሞክሼዎቻቸው

መልካ ጀብዱንና ድሬዳዋን ጨምሮ የሐረርጌን ምድር ለዓመታት ያስተዳደሩት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል የተወለዱት በ1844 ዓ.ም. ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ የነበሩት ራስ መኮንን በ1879 ዓ.ም. በሐረር ገዥነት ተሾሙ።

በ1881 ዓ.ም. የመንግሥት መልዕክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ የተጓዙ ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በአምባላጌ፣ በመቀሌና በዓድዋ ጦራቸውን መርተዋል። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ገዥው እርሳቸው ነበሩ። በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ አርፈዋል።

የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን ኃይለ ሥላሴ የልጅ ልጃቸውና ሞክሼያቸው ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትርና ደራሲ የነበሩት ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም ስሙን ብቻ ሳይሆን የራስነት ማዕረጉንም ይጋራሉ። በመሆኑም በሰነዶችና በስያሜዎች ላይ የአባትን ስም አሟልቶ መጻፍ የአንዱ ሥራ ለሌላው እንዳይቆጠር ያደርጋል።